የአባቴ ስም ያለበት ብልቃጥ

ይህን መጻፍ ተገቢ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በታሪኩ ውስጥ ማንም አልሞተም፤ የታሰረም የለም። ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ወር አባቴ ይወስደው በነበረው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ወደ አዳራሻችን መጥተው ነበር። እያንዳንዳቸው የልጃቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው ተራ በተራ ተናገሩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ። አንዷ ንግግሯን ስትጨርስ አጠገቤ ያለችው ልጅ አለቀሰች፤ እኔ የገጹ ርእስ ሥር ሁለት መስመር አሰመርኩ። የእኔ አባት በሕይወት አለ። ትናንት ምሳ አብረን በልተናል። እነዚያ እናቶች እያሉ የእኛን ቤት ነገር ማውራት ያለ ተራ መግባት ይመስለኛል። ቢሆንም የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወላጆቼ የደሴ ሰዎች ናቸው፤ እኔን በአራት ዓመቴ ይዘውኝ መጡ። አባቴ በቨርጂኒያ በኩል ባለው አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋ ነበር። አንድ ቀን አንድ ከባድ ሰውዬ ከዊልቸር አንሥቶ ወደ አውሮፕላኑ ወንበር ሲያሻግር ወገቡ ቀጭ አለ። ሰውዬውን ግን አልጣለውም። ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚናገረው ይህን ነው።

ወገቡን ያየው ሐኪም ዘንድ አስተርጓሚ ሆኜ የገባሁት እኔ ነበርኩ። አሥር ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ ይናገራል። ኪኒኑ ሆድ ውስጥ በዝግታ እየተለቀቀ ስለሚሠራ ሱስ እንደማያስይዝ ነገረኝ። እኔ ሱስ የሚባለውን የማውቀው በጫት ብቻ ስለነበር ለአባቴ እንደገባኝ ነገርኩት።

"እንደ ጫት አይደለም፤ ስትተወው ምንም አያረግህም እያለ ነው።"

አባቴ ሳቀ። "ጫትም ምንም አላረገኝ፤ እናትሽ ናት ያስተወችኝ። በይ ታንክዩ በይልኝ።"

ታንክዩ አልኩለት።

ሐኪሙ ይህን ከራሱ አላመጣውም። ኪኒኑን የሚሠራው ኩባንያ በየክሊኒኩ ሰው እየላከ ለሐኪሞች እንደዚያ ያስነግር እንደነበር፣ እውነቱን ደግሞ ያውቅ እንደነበር፣ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ወጣ። ነገሩ ከኩባንያው ወደ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቴ ተላልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ምን እንደሚሰማኝ አባቴ የሚታከምበት ክሊኒክ ያለችው አማካሪ አንድ ቀን ጠይቃኝ ነበር። ጥሩ መልስ ልሰጣት ፈለግሁ። ጥያቄዋን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

አባቴ ብልቃጡን ራሱ ይዞ አያውቅም። እናቴ ናት ከፋርማሲ የምታመጣው፤ ጠዋትና ማታ ኪኒኑን ከምግቡ ጋር በትንሽ ሰሃን ታቀርብለታለች፣ እሱ ቢስሚላህ ብሎ ይውጣል። ይህ ሦስት ዓመት ያህል ቀጠለ።

በዚያን ጊዜ አባቴ መስጊዳችን ውስጥ ጀናዛ ከሚያጥቡት ወንዶች አንዱ ነበር። ይህ ለማንም የሚሰጥ ሥራ አይደለም። እጁ የታመነ፣ ያየውን የማያወራ ሰው ይፈለጋል። ኪኒኑ ድንገት ያለቀበት ሰሞን ረመዳን ነበር። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ እግሩ አልጋ ላይ አያርፍም። እናቴ ወባ ናት አለች። በልጅነቱ ቆላ ወርዶ ይዞት የነበረው ወባ ከስንት ዓመት በኋላ ተነሥቶበት መሆኑ ነው። ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠችው። በዚያው ሁኔታ አንድ ሟች እንዲያጥብ ተጠራ፤ እምቢ ማለት አያውቅምና ሄደ። ውሃውን የያዘበት ዕቃ ከእጁ አመለጠ፣ እሱም ጀናዛው አጠገብ ወደቀ። ሌሎቹ አጣቢዎች ሁለቱንም ማንሣት ነበረባቸው።

ወባ ሳይሆን የኪኒኑ መቋረጥ እንደሆነ ሆስፒታል ተነገረን። አሁን ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ክሊኒክ ሄዶ ለሱሱ በመስኮት የሚሰጡትን ፈሳሽ መድኃኒት ይጠጣል። አንድም ቀን አስቀርቶ አያውቅም። በወደቀ ሰሞን የመስጊዱ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው "ለጊዜው ዕረፍ" አሉት። ለጊዜው የተባለው እስከ ዛሬ አላለቀም። ፊት ለፊት ሱሰኛ ያለው የለም፤ ለማጠብ የጠራውም የለም። ሰው በሞተ ቁጥር ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ከዚያ ለሰላት ይነሣል።

ባለፈው ሴፕቴምበር አማካሪዋ ኩባንያው ለተጎዱት ካሳ ሊከፍል መስማማቱን ነግራው ፎርም ሰጠችው። ፎርሙን እንዳይታጠፍ በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

"ይኼን ፊል አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

"ምን ያህል ይሰጣሉ?" አለች እናቴ ከኩሽና።

"ብሩን ይብሉት። እኔ ወረቀቱን ነው የምፈልገው። ይኼ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ነው የዋጠው የሚል፣ ማኅተም ያለው።"

"ለማን ልታሳየው?"

"ለሽማግሌዎቹ ነዋ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ አያጡም።"

እናቴ ቧንቧውን ከፈተች።

ፎርሙ የአባቴን ስም፣ የኪኒኑን ስምና ቀኑን የያዘ ማስረጃ ይጠይቃል። ሐኪሙ ክሊኒኩን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል። ፋርማሲው ጥፍር የሚሠራበት ቤት ሆኗል። መዝገቡን የወሰደው ድርጅት የዚያን ያህል የቆየ ነገር እንደማያስቀምጥ በትሕትና ጻፈልኝ። የያኔው ኢንሹራንስ ጭራሽ አልመለሰልኝም። የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ሌብል ያለበት የኪኒኑ ብልቃጥ ከተገኘ በማስረጃነት ይቀበላሉ።

በእናቴ ኩሽና የኪኒን ብልቃጥ አይጣልም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች፣ ሌብሉን በቢላ ጀርባ ትፍቃለች፣ አጥባ ታደርቀዋለች። ከደሴ ሰው በመጣ ቁጥር የሚላክላትን ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በየብልቃጡ ታካፍልና ለወዳጆቿ ትሰጣለች። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ ሽታው አይወጣም፣ ሕፃን አይከፍተውም። እናቴ የምታውቀው ሰው ሁሉ ቤት የእኛ ብርቱካንማ ብልቃጥ አለ።

"ሳትፍቂው የሰጠሽው የለም?" ብዬ ጠየቅኋት።

"የሰው ስም ያለበት ዕቃ ሰው ቤት ይላካል እንዴ? በሽታችንን ሊያነቡት?"

"አንድም?"

"አንድም። ተይው ባክሽ፣ ትምህርትሽን ተማሪ። እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው አባትሽን ይቅርታ የሚጠይቁት!"

እኔ ግን የታዘዝኩትን መጨረስ እወዳለሁ። የእናቴን ወዳጆች ስም በወረቀት ጻፍኩና ከቅርቡ ጀመርኩ።

ሃያትስቪል ያሉት አዛውንት ሐጅ ያደረጉ ስለሆኑ ሁላችንም ሐጂት ነው የምንላቸው። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"እማዬ የሰጠችዎት የኮረሪማ ብልቃጥ ካለ ላየው ብዬ ነበር፣ ሐጂት።"

"ልታስመልስ ላከችሽ? እሷ ደሴ እያለች እንዲህ ንፉግ አልነበረችም።"

"ኧረ አይደለም! ለትምህርት ነው።" ይህ ውሸት ነበር።

"የብልቃጥ ትምህርት! ማሻአላህ። እኛ ደግሞ ዶክተር ትሆናለች እያልን ዱዓ እናደርጋለን።"

ከመደርደሪያቸው አምስት ብልቃጥ አወጡልኝ። አምስቱም እንደ መስታወት ጠርተዋል። አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሣሁ ሳያቸው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አባትሽስ? አሁን ደኅና ሆነ?"

"ደኅና ነው።"

"የኔን ሰውዬ ያጠበው እሱ ነው። እንደ ሕፃን ነው የያዘው ብለውኛል። አላህ ያሽረው።" ከዚያ ብልቃጦቹን መልሰው ደረደሩ። "ብቻ እንግዲህ... ሰው ያወራል።"

ምን እንደሚያወራ አልጠየቅኋቸውም። ሳምቡሳ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ።

ጀርመንታውን ያለችው የእናቴ ወዳጅ በቪዲዮ ኮል ቁም ሳጥኗን ሁሉ አሳየችኝ። እዚያም ምንም አልነበረም። የመጨረሻዋ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው የእናቴ አብሮ አደግ ነች፤ በሥጋ ባንዛመድም አክስቴ እላታለሁ። ሆቴል ውስጥ የአልጋ ልብስ ታጥባለች። ዓርብ ከሰዓት ከሥራ ስትገባ በሯ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

"ኮሌጅ የላኩሽ ብልቃጥ እንድትለቅሚ ነው?" አለችኝ ገና ከደረጃው ሳትወጣ። ሐጂት ቀድመው ደውለውላታል።

ከፍሪጅዋ በላይ አንድ የጥቁር አዝሙድ ብልቃጥ ነበራት። ዙሪያውን ነጭ ፕላስተር ተጠምጥሞበት በላዩ በእናቴ እጅ "ጥቁር አዝሙድ" ተብሎ ተጽፏል። ፕላስተሩን በጣቴ ስነካው ከሥሩ ሌላ የወረቀት ጠርዝ ተሰማኝ።

"ይኼንን እኔ መኪና አስነሥቼ ጡሩምባ እየነፋሁባት ነው በጥድፊያ ያቀበለችኝ" አለች አክስቴ።

"ልውሰደው?"

"ብልቃጡን ውሰጂ፣ አዝሙዱን ወዲህ በይ! ሌባ።" አዝሙዱን ብርጭቆ ውስጥ ገልብጣ ባዶውን ሰጠችኝ።

ባቡር ውስጥ ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ላጥሁት። የተወሰነው ጽሑፍ አብሮት ተነሣ፤ የቀረው ግን ይነበብ ነበር። የኪኒኑ ስም ትክክል ነው። ቀኑ አባቴ ከመውደቁ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ስሙ የእናቴ ነው።

ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የባዮሎጂ ካርዶቼን አወጣሁ፤ ሰኞ ፈተና ነበረኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ የሴል ክፍሎችን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። ፈተናውንም ጥሩ ሠርቻለሁ።

በማግስቱ አባቴ ለዙህር ሰላት ሲወጣ ብልቃጡን የእናቴ መክተፊያ አጠገብ አስቀመጥኩት። አየችው። እጇን በፎጣ አደረቀች።

"የት አገኘሽው?"

"አክስቴ ቤት።"

"እሱ አይቶታል?"

"አላየውም።"

ቆማ ነገረችኝ። የአባቴ ሐኪም ከሁለት ዓመት በኋላ በቃ ብሎ ነበር። ከቢሮው በስልክ አስተርጓሚ ደውለው ከዚህ በኋላ እንደማያዝለት፣ ቀስ በቀስ መተው እንዳለበት፣ ቀጠሮ እንዲይዝ ነገሯት። እናቴ ይህን ለአባቴ አልነገረችውም። ሕመምተኛ ነው፣ ገና ሳይድን መድኃኒትህን ከለከሉህ ይባላል? ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ይልቅ ራሷ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ ጉልበቴን አለች። ጉልበቷን በእርግጥ ያማት ነበር፤ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ትንበረከካለች። ሐኪሟ ብዙም አልጠየቃትም፤ ያንኑ ኪኒን ጻፈላት። እሷ አንድም አልዋጠችም። በሰሃኑ ላይ ለአባቴ አቀረበችለት።

"ሌብሉን የምፍቀው ለጎረቤት ብዬ መሰለሽ?" አለች። "እሱ እንዳያይ ነው።"

አንድ ዓመት እንዲያ ሆነ። ከዚያ የእሷም ሐኪም አቆመባት። ያ ረመዳን ነው።

"ክፉ ሠራሁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

"እንዳትነግሪው።"

"እሺ።"

እሺ ማለት ይቀለኛል። ለአባቴም ፎርሙን እጨርሳለሁ ብዬ እሺ ብዬዋለሁ። የእሱ ስም ያለበት ብልቃጥ ስላልተገኘ አማካሪዋ ሌላ ገጽ ላከችልን። ማስረጃ የጠፋበት ሰው ምሎ የሚፈርምበት ገጽ ነበር። አባቴ ደስ አለው። በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ሳሎን ተቀመጥን፤ እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስለታለሁ፣ እሱ አዎ ይላል። እናቴ ኩሽና ሽንኩርት ትልጣለች።

"የወሰድኩት ኪኒን በሙሉ በስሜ ለእኔ የታዘዘልኝ ነው ይላል።"

"አዎ። እሱን በደንብ ጻፊው።"

"በሐሰት ከማልኩ በሕግ እጠየቃለሁ ይላል።"

"ልጠየቅ! ወላሂ ከሰው አንድ ፍሬ ተቀብዬ አላውቅም። እስክሪብቶውን አምጪው።"

እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ነበር። አልሰጠሁትም፤ አልከለከልኩትምም። ብቻ ይዤው ተቀመጥኩ።

"አትፈርም" አለች እናቴ። በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቢላው በእጇ ነው። "ከሰው ተቀብለሃል። ከእኔ።"

ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ ነገረችው፤ ለእሱ ሲሆን አጭር ነበር። አባቴ ቴሌቪዥኑን አየ። ድምፁ ተዘግቶ የአየር ሁኔታ እያሳየ ነበር።

"እኔን በቃህ ብሎኝ ነበር፣ ያ ሰውዬ?"

"ብሎህ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታመህ ነበራ!"

በእኛ ቤት ከዚህ መልስ በኋላ ሌላ ጥያቄ አይጠየቅም። አባቴም አልጠየቃትም። ወደ እኔ ዞረ።

"የእሷ ነገር እዚህ ውስጥ ቢገባ ምን ይሏታል?"

"አላውቅም። የራስን መድኃኒት ለሌላ ሰው መስጠት በሕግ ክልክል ነው።"

"የዜግነት ማመልከቻዋ ገብቷል።"

"ገብቷል።"

"ኩባንያውንስ ዜግነት የሚከለክለው አለ?" አለ። ፈገግ ያለ መስሎኝ ነበር፤ አላለም።

ሊጠቅመው የሚችል ነገር ማግኘት ፈለግሁ። "አባዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ብቻ ብንጽፍስ? እነሱ በስምህ ነበሩ።"

"ገጹ 'ኪኒን በሙሉ' ነው የሚለው አላልሽም?"

"ነው።"

"ታዲያ ግማሹን እምላለሁ?" ፎርሙን አስተካክሎ አጠፈው። "ዝጊው። ኮል አድርጊና ዝጊው።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"እነሱ ምን ጎደለባቸው።"

እናቴ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ተነሥቶ ከእሷ ጎን ቆመና የተላጠውን መክተፍ ጀመረ። ሲከትፍ አይቼው አላውቅም ነበር። ትልልቅ አድርጎ ነው የሚከትፈው። እኔ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዬን ከፈትኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ካሳውን ወደሚያስፈጽመው ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት፤ አባቴ ከጎኔ ተቀመጠ። ያነሣችው ሴት ለዛ ያላት ነበረች። ለምን እንደምንተወው ጠየቀችና የምክንያት ዝርዝር አነበበችልኝ። ሌላ ካሳ ማግኘት፣ የባለ ጉዳዩ መሞት፣ አድራሻ መቀየር፣ ሌላም ሌላም።

"ከነዚህ አይደለም" አልኳት።

"እንግዲያው 'ሌላ' ልበለው?"

"ሌላ ይበሉት።"

ባለ ጉዳዩ ራሱ ማረጋገጥ ስላለበት አባቴን አነጋገረችው። ይህን ከዘጋ ዳግመኛ ማመልከት እንደማይችል፣ ኩባንያውንም በዚህ ጉዳይ መጠየቅ እንደማይችል ቀስ ብላ ነገረችው። ልተረጉምለት አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ።

"የስ" አለ። "ክሎዝ ኢት፣ ፕሊስ።"

ሴትየዋ የሆነ ነገር ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማ። መልካም ቀን ተመኘችልን፤ እኔም ተመኘሁላት። ማረጋገጫው ወዲያው በኢሜይል መጣ። አባቴ ምን እንደሚል እንዳነብለት ጠየቀኝ። ሁለት መስመር ነበር። የአባቴ ስም፣ ቀጥሎ ፋይሉ በባለ ጉዳዩ ጥያቄ ተዘግቷል የሚል፣ ከሥሩም ቀኑ፦ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19።